ጥሩ የቤት ደላላ በምን ይታወቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የገዛ፣ የሸጠ ወይም የተከራየ ሰው ስለ ደላላ የሚያወራው አያጣም። ብዙው ወሬ እሮሮ ነው። ኪራይ ተወደደ፣ ደላላ ነው። የቤት ዋጋ ናረ፣ ደላላ ነው። እንደዚያም ሆኖ ቤት በፈለግን ቁጥር የምንደውለው ለደላላ ነው። ሌላ አማራጭ ስለሌለን ነው። የትኛው ቤት ለሽያጭ እንደቀረበ፣ የጎረቤቱ ቤት ባለፈው ወር በስንት እንደሄደ የሚያሳይ ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ የለንም። የይዞታው መረጃ በየክፍለ ከተማው ፋይል ውስጥ ነው። ገበያው ያለው በደላሎች ስልክ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከደላላ ጋር መሥራታችን ካልቀረ የትኛውን እንመን? ይህን ለመመለስ ከአንደበቱ በፊት ገንዘቡን የሚያገኝበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

በቤት ሽያጭ የተለመደው ኮሚሽን ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢ 2 በመቶ ነው። በስምምነት ከፍም ዝቅም ይላል። 12 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት ቤት እንውሰድ። ከአንዱ ወገን 240 ሺህ፣ ከሁለቱ 480 ሺህ ብር ይመጣል። አሁን ገዢው ተከራክሮ 500 ሺህ ብር አስቀነሰ እንበል። ለገዢው ግማሽ ሚሊዮን ብር ተረፈ። የደላላው ኮሚሽን የቀነሰው ግን 20 ሺህ ብር ብቻ ነው። ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ቢሄድስ? 480 ሺው በሙሉ ቀረ።

ብዙ ሰው ደላላ ሁልጊዜ ዋጋ ለማስወደድ የሚሠራ ይመስለዋል። ሂሳቡ የሚለው ሌላ ነው። ደላላው ከምንም በላይ የሚፈልገው ውሉ እንዲፈረም ነው። ለዚህ ሲል ቶሎ የሚለዝበውን ወገን ይገፋል። ገዢውን "ጋሼ፣ ሌላ ሰው ብር ይዞ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ቀብድ ካላስያዙ ቤቱ ይሄዳል" ይለዋል። ሻጯን ደግሞ በዚያው ሰዓት "እናቴ፣ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ከዚህ በላይ የሚሰጥ አያገኙም" ይላታል። አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ ሁለት ገበያ።

ስለዚህ የኔ መለኪያ ይሄ ነው። ኮሚሽኑን የሚያሳጣው እውነት እጁ ላይ ሲወድቅ ይነግራችኋል ወይስ ይውጠዋል? ሌላው ሁሉ፣ ትህትናውም፣ መኪናውም፣ የቲክቶክ ተከታዩም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ለመፈተን ገና በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ መጀመር ይቻላል። "ባለቤቱን በአካል ታውቃቸዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ቤቱን ከባለቤቱ ነው የተቀበልከው ወይስ ከሌላ ደላላ?" በሉት። የደላሎች ሥራ በሰንሰለት ነው የሚሄደው። ባለቤቱን የያዘው አንድ ነው። እሱ ለጓደኛው ይልካል፣ ጓደኛውም ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። የሲኤምሲን ወይም የሰሚትን ማስታወቂያዎች ለአንድ ሳምንት የተከታተለ ሰው ያንኑ ሳሎን፣ ያንኑ መጋረጃ በሦስት የተለያየ ዋጋ ያየዋል። ልዩነቱ በመሀል የተጫነ ነው። አንዳንዱ ደላላ ከኮሚሽኑ ሌላ ባለቤቱ ከጠየቀው በላይ ጭኖ ትርፉን ለራሱ ለማድረግ ያስባል። በሰንሰለት መሥራቱ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው። "እኔ ከሌላ ልጅ ነው ያገኘሁት፣ ባለቤቱን አላውቃቸውም፣ አገናኛችኋለሁ" የሚል ደላላ ካገኛችሁ ስልኩን አትዝጉበት። የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው የሚያውቀውንም በትክክል የመናገር ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዋናው ፈተና ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ንብረቱን የሚያጣው ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ሳይሆን ሰነዱ ስለተበላሸ ነው፤ የደላላ ጥራትም የሚለየው እዚህ ነው።

ተራው ደላላ የካርታ ፎቶ ኮፒ በስልክ ይልክና "ወረቀቱ ንጹህ ነው" ይላል። ጠንቃቃው ደላላ ካርታው ላይ ያለውን ስምና የሻጩን መታወቂያ አስተያይቷል። ቤቱ በባንክ ዕዳ የተያዘ እንደሆነ፣ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ጠይቋል። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ከክፍለ ከተማው እንዲጣራ ራሱ ሐሳብ ያቀርባል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ገዢው ሊቀዘቅዝ፣ ሌላ ቤት ሊያይ ይችላል። ደላላው ይህን እያወቀ "ቆይ መጀመሪያ ይጣራ" ካለ ኮሚሽኑን አደጋ ላይ ጥሎ እናንተን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ስለ ትዳር ይጠይቃል? መጠየቅ አለበት። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ይህን አያስቀረውም። ሳትስማማ የተሸጠባት ሚስት ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ልትጠይቅ ትችላለች። ለዚህ ያላት ጊዜ ሽያጩን ካወቀች ስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። በውርስ የተገኘ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ስንት ናቸው፣ ሁሉም ይፈርማሉ ወይ? ውጭ ያለው ወንድም ተስማምቷል ወይስ "እሱን እኛ እናስፈርመዋለን" እየተባለ ነው? ለዚህ መልስ የሌለው ደላላ ቤቱን አያውቀውም።

ደላላውን በደንብ የምታውቁበት ሌላው ቦታ ውክልና ነው። በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ገደብ አለበት። ገበያው ግን አልጠበቀም። የካ አባዶም፣ ቦሌ አራብሳም፣ ኮዬ ፈጬም ብዙ ቤት በውክልና ተሽጧል። ገዢው ብሩን ይከፍላል፣ ባለዕድለኛው ውክልና ይሰጠዋል፣ ስሙ በኋላ ይዛወራል ይባላል። ደላላው "የማይሻር ውክልና ነው፣ ምንም አይመጣም" ይላል። ሕጉ እንዲህ አይልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ የሰጠውን ውክልና በፈለገ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል። ይህን የሚከለክል ስምምነትም ዋጋ የለውም። ወካዩ ከሞተ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። ያኔ ገዢው ቁልፉን ይዞ ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል። የከፈለው ብር በወረቀት ላይ "የቤት ዋጋ" ተብሎ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ሌላም አለ። ቤት ለመሸጥ በግልጽ ሥልጣን የሚሰጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ውክልና ይዞ የመጣ ሻጭ ሲያጋጥም ጥሩ ደላላ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንን መስመር ነው። ውክልናው አሁንም ያልተሻረ መሆኑን ውልና ማስረጃ ሄዶ ማረጋገጥ እንደሚቻልም ይነግራችኋል።

ስለ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት ስለተያዘ ቦታ፣ የሚነግራችሁ ደላላ ካገኛችሁ ደግሞ ያዙት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደሚለው፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥርዓት ነው። ይህ በገዢው ላይ ክፍያ ያመጣል። ብዙ ገዢ የሚሰማው ስም ሊያዛውር ክፍለ ከተማ ሲሄድ ነው። ቀድሞ የነገረው ደላላ ገዢው ዋጋ እንዲያስቀንስ ምክንያት ሰጥቶታል ማለት ነው።

ቀብድ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ጥድፊያ የሚፈጠረው እዚህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው ቀጥሎ ያለው ነው። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ካፌ ውስጥ በደብተር ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለት ምስክር የፈረመበት የቀብድ ውል ይህን አያሟላም። ዋናው ውል በሕግ ፊት ካልቆመ የእጥፍ ጥያቄውም ይንገዳገዳል። ጥሩ ደላላ ቀብዱ ትንሽ እንዲሆን፣ በባንክ እንዲተላለፍ፣ ወረቀቱም ላይ "ቤቱ ዕዳ ወይም እግድ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል" የሚል መስመር እንዲገባ ያደርጋል። መጥፎው ቀብዱ ትልቅ እንዲሆን ይገፋል። ምክንያቱም ብዙ ያስያዘ ገዢ ችግር ቢያይ እንኳ አይሸሽም።

ከዚያ ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የሚባለው ነገር ይመጣል። ቤት ሲተላለፍ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ በተገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ይጥላል። የቴምብር ቀረጥም 2 በመቶ አለ። ስለዚህ "ውሉ ላይ አራት ሚሊዮን እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ ትጨርሳላችሁ" የሚል ምክር ከደላላ አይጠፋም። ሻጩ ግብር ይቀንስለታል፣ ገዢውም ቀረጥ የቀነሰለት ይመስለዋል። ነገ ውሉ ቢፈርስስ? ሁለቱም ወገኖች ወደነበሩበት ሲመለሱ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። 12 ሚሊዮን የከፈለ ሰው አራት ሚሊዮን ይዞ ሊመለስ ነው። ያው ገዢ ቤቱን ቆይቶ ሲሸጠው ደግሞ በወረቀት ላይ በአራት ሚሊዮን እንደገዛ ተቆጥሮ ግብሩ በእሱ ትከሻ ላይ ያርፋል። መንግሥትን ማታለሉ ለጊዜው ይቆየንና፣ ደንበኛውን ለእንዲህ ያለ አደጋ የሚያጋልጥ ደላላ ለደንበኛው አያስብም። ይህን ምክር ከአፉ የሰማችሁ ዕለት ሌላ ደላላ ፈልጉ።

ኪራይ ላይ ነገሩ አጠር ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። "ባለቤቱ የስድስት ወር ካልተከፈላቸው አይሰጡም" የሚል ደላላ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ ያውቃል። ሁለቱም አይጠቅማችሁም። ቤት ለማሳየት ብቻ ብር የሚጠይቅም አለ። ከውል በፊት ክፍያ የሚጠይቀውን ራቁት።

ፈቃድስ? የንግድ ሕጋችን ድለላን እንደ ንግድ ሥራ፣ ደላላንም እንደ ነጋዴ ነው የሚያየው። ስለዚህ ንግድ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ፈቃድ ያለው ደላላ ቢያንስ የሚገኝበት አድራሻና የሚከሰስበት ስም አለው። ነገር ግን ፈቃዱ ብቻውን ስለ ችሎታው ብዙ አይነግርም፤ ሙያውን ፈትኖ የሚሰጥ ወረቀት አይደለም። በመንገድ ዳር ጥላ ስር ቁጭ ብለው የሚሠሩ፣ ሰፈሩን ከነባለቤቶቹ የሚያውቁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌዎች አሉ። ጥሩ ቢሮ ከፍቶ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ያንኑ የካርታ ፎቶ ኮፒ የሚያዞርም አለ። እንደኔ ከፈቃዱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ከዚህ በፊት ቤት ያስገዛቸው ሰዎች ስልክ ነው። ሁለት ሰው ይስጣችሁ። ስትደውሉ "ጥሩ ሰው ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ስም ለማዛወር ስንት ጊዜ ፈጀ? ችግር ሲመጣ ስልክ ያነሳ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ደላላው የሚለየው ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ነው። አብዛኛው ውልና ማስረጃ ላይ ምስክር ሆኖ ይፈርምና ይጠፋል። ካርታው በአዲሱ ባለቤት ስም እስኪወጣ አብሮ ክፍለ ከተማ የሚመላለሰው ጥቂት ነው። ኮሚሽኑን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ውሉ ሲፈረም፣ ግማሹን ስም ሲዛወር ለመክፈል ጠይቁ። የሚስማማው ሥራው እንደሚያልቅ የሚያምን ነው። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ስንት በመቶ፣ ማን ይከፍላል፣ መቼ ይከፈላል የሚለው ቀድሞ ካልተጻፈ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

እዚህ ላይ ለደላሎችም መናገር ያለብኝ አለ። ቀኑን ሙሉ ጀሞና ለቡ ያዞራቸውን ደላላ ትተው ማታ ተመልሰው ከባለቤቱ ጋር በድብቅ የሚዋዋሉ ገዢዎች ብዙ ናቸው። ሻጩም ይተባበራል፤ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽኑ ይቀራልና። እንዲህ ያለው ነገር በተደጋጋሚ የደረሰበት ደላላ መረጃ መደበቅ ይጀምራል። የባለቤቱን ስም አይነግርም፣ አድራሻውን አይሰጥም፣ ካርታውን አያሳይም። ከዚያ እኛ ለምን ደበቀ ብለን እናማዋለን። ሐቀኛ ደላላ የምትፈልጉ ከሆነ ድካሙን አትብሉ። ገና ሳያሳያችሁ በወረቀት ብትፈርሙለት እሱም መረጃውን ለመክፈት አይፈራም።

አሜሪካ ላለው አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። የአገሪቱ ትልቁ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ኤጀንቶች) ማኅበር በደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት ምክንያት ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማኅበሩ አባል የሆነ ኤጀንት ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት ኮሚሽኑ በግልጽ የሰፈረበት ስምምነት ማስፈረም አለበት። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ሰው የኤጀንቱን ፈቃድ በግዛቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ያየዋል። ቅሬታ ካለውም የሚያቀርብበት ቦርድ አለ። ችግሩ ያለው ይህንን የለመደ ሰው አዲስ አበባ ቤት ሲገዛ ያንኑ እምነት ይዞ መምጣቱ ላይ ነው። እዚህ ደላላው ቢዋሽ ፈቃዱን የሚነጥቅ ቦርድ የለም። በርቀት የሚገዛ ሰው የደላላውን ቃል በሌላ ሰው ማጣራት አለበት። ቤቱን ያሳየውና ወረቀቱን ያጣራው አንድ ሰው ከሆነ አልተጣራም። ወረቀቱን የሚያየው በራሳችሁ የተከፈለው ጠበቃ ይሁን። ክፍያው ውሉ ቢፈረምም ባይፈረምም ያው የሆነ ሰው ማለቴ ነው። ጠበቃ አምጡ ስትሉት ፊቱ የሚጠቁር ደላላ ስለራሱ ብዙ ነግሯችኋል። "ጥሩ፣ እኔም ያርፍልኛል" የሚለው ደግሞ የምትፈልጉት ነው።

የሪል ስቴት ሽያጭ ሠራተኞች ሌላ ዓይነት ናቸው። ደሞዝና ኮሚሽናቸው ከድርጅቱ ስለሆነ ለእናንተ ይሠራሉ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ለእነሱ የሚቀርበው ጥያቄም ይለያል። ቦታው በድርጅቱ ስም ካርታ ወጥቶለታል? የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ ነው? ከዚህ በፊት የተረከቡ ነዋሪዎች ያሉበት ሕንፃ የት ነው? በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የሪል ስቴት ልማትና ግብይት አዋጅ ይህን ዘርፍ ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ ነው። በአልሚውና በገዢው መካከል ያለውን ግብይት የሚገዛ ሕግ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ከሰው ለሰው በሚደረገው ሽያጭ መሀል ያለው ደላላ ግን አሁንም የራሱ ፈተና፣ የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ፣ የራሱ ቅሬታ ሰሚ ያስፈልገዋል።

የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ከወጣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞታዎችን በዘመናዊ መንገድ የመመዝገብ ሥራ ተጀምሯል። ያ መዝገብ አንድ ገዢ መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ የካርታ ቁጥር በማስገባት ቤቱ በማን ስም እንደሆነና እገዳ እንዳለበት ራሱ የሚያይበት ቢሆን፣ "ወረቀቱ ንጹህ ነው" የሚለው ቃል በደቂቃዎች ይጣራ ነበር። ደላላውም የሚከፈለው መረጃ ስለያዘ ሳይሆን ስለሠራው ሥራ ይሆን ነበር።